የዜማ መሻገርና የሥርዓቱ ዕዳ

በ1967 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) አሜሪካዊው ባለቅኔና ዘፋኝ ቦብ ዲላን «ጆን ዌስሊ ሃርዲንግ» የተባለውን ሸክላ ባወጣ ጊዜ፥ በልባሱ ላይ በታተመው ፎቶግራፍ ከግራና ከቀኙ ቆመው የሚታዩት ሁለት ሰዎች ለብዙው ገዢ ፍጹም እንግዶች ነበሩ። እነዚህ ፑርና ዳስና ላክስማን ዳስ የሚባሉ፥ ከሕንድ አገር ከቤንጋል ምድር የመጡ ወንድማማች ሲሆኑ፥ የዲላን ሥራ አስኪያጅ የነበረው አልበርት ግሮስማን ወደ አሜሪካ አስመጥቶ በዉድስቶክ አጠገብ ባለው ይዞታው በእንግድነት ተቀብሏቸው ነበር። በዚያው አካባቢ «ቢግ ፒንክ» በሚባለው ቤት ምድር ቤት ውስጥ፥ ዲላንና ጓደኞቹ የአገራቸውን የባላገር ዘፈን እየቆፈሩ በሚያድሱበት ስፍራ፥ «ዘ ባንድ» የተባለው ጓድ ኦርጋን ተጫዋች ጋርዝ ሃድሰን የነዚህን ቤንጋላውያን ዜማ በመቅረጫ አስቀረው፤ ቅጂውም ኋላ በሸክላ ታትሞ ወጣ።

ነገሩ ከላይ ሲታይ የሙዚቃ ሰዎች እርስ በርሳቸው የተቀባበሉበት አንድ መስተንግዶ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ወንድማማች ባውል ከሚባለው የመናንያን ወገን የተወለዱ ስለ ነበሩ፥ ለባውልም ዘፈን ማለት ከጸሎት ተለይቶ የሚቆም የጥበብ ዘርፍ ሳይሆን ጸሎቱ ራሱ ስለ ሆነ፥ በዚያ ምድር ቤት የተደረገው ነገር ከእንግድነት ያለፈ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም፥ ለአምልኮ የተወለደ ዜማ ከመምህሩ፥ ከቋንቋውና ከሥርዓቱ ተለይቶ በባዕድ አገር፥ ከባዕድ መሣሪያ ጋራ ተቀላቅሎ፥ ትርጓሜውን በማያውቅ ሰው ጆሮ በሚሰማበት ጊዜ፥ ጸሎት መሆኑ ይጸናለታልን ወይስ ይቀርበታል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የሙዚቃ ሊቃውንት ብቻ እንዲመልሱት መተው አይገባም እላለሁ፤ ሃይማኖት ያለውን ሰው ሁሉ ይነካልና።

ባውሎች በምዕራብ ቤንጋልና ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፥ ከእራፊ የተሰፋ ረጅም ልብስ ለብሰው፥ ምጽዋት እየተቀበሉ ከመንደር መንደር የሚዞሩ ዘማርያን ናቸው። ከሂንዱዎች የቪሽኑን ፍቅር፥ ከእስላሞች የሱፊዎችን መንገድ፥ ከጥንቱም የቡድሃ ትምህርት በዚያ ምድር የተረፈውን ቅሬታ ወርሰዋል፤ ሆኖም ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተገዙም። ሰው በትውልዱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል የሚለውን ሕግ አይቀበሉም፤ በቤተ መቅደስና በመስጊድ ደጅ አምላክን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል ብለውም አያምኑም፤ የሚፈልጉት በሰው ሥጋ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል የሚሉትንና «የልብ ሰው» እያሉ የሚጠሩትን ነው። ይህን ፍለጋ ግን ማንም ከራሱ አንሥቶ አይጀምረውም። ሂንዱው ጉሩ፥ እስላሙ ሙርሺድ የሚለው መምህር ደቀ መዝሙሩን ተቀብሎ፥ መርምሮ፥ የትንፋሹንና የሥጋውን ሥርዓት በምስጢር ያስተምረዋል፤ መዝሙሩም የዚህ ትምህርት መሸፈኛም መግለጫም ሆኖ ይሰጠዋል። ስለ ወፍና ስለ ጎጆዋ፥ ስለ ወንዝና ስለ ታንኳ፥ ስለ ቤትና ስለ ደጆቹ የሚዘመረው ሁሉ ለመንገደኛው ጆሮ ሰም ነው፤ ወርቁን የሚያወጣው መምህሩ የፈታለት ብቻ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በኩሽቲያ አጠገብ በቼዑሪያ መንደር ሲያስተምር ኖሮ ኦክቶበር 17 ቀን 1890 ያረፈው ላሎን ሻህ ነው። በወጣትነቱ ፈንጣጣ ይዞት ባልንጀሮቹ ጥለውት ሲሄዱ አንድ የእስላም ሸማኔ ቤተሰብ አንሥቶ እንዳዳነው ይተረክለታል፤ ሂንዱ ነህ ወይስ እስላም እያሉ ለሚጠይቁት ሁሉ ግን መልስ ሳይሰጥ ከነምስጢሩ ወደ መቃብር ወረደ፤ ከሞተም በኋላ ሁለቱም ወገኖች የእኛ ነው ይሉታል። እኔ በበኩሌ የባውሎችን ትምህርት የምቀበል አይደለሁም፤ አምላክን በገዛ ሥጋ ውስጥ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ፥ እርሱ ራሱ ወደ ሰው መምጣቱን የሚሰብክ ሃይማኖት አሳድጎኛልና። ነገር ግን ከእንጀራውና ከክብሩ ተለይቶ፥ አንድ ነገር ፈልጎ፥ ዕድሜውን ሁሉ በመንገድ ላይ የፈጸመን ሰው ሳስብ፥ ናፍቆቱን እንደ ከንቱ አድርጎ መቁጠር አይቻለኝም።

አሁን ወደ ዜማው ባሕርይ እንግባ፤ የሃይማኖቱ ጥያቄ ተጨባጭ ሆኖ የሚታየው ከዚያ ላይ ነውና። የባውል ዋና መሣሪያ ኤክታራ አንድ ክር ብቻ ያላት ናት፤ ከቅል ወይም ከእንጨት በተሠራው ሆዷ ግራና ቀኝ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ቆሞ፥ ተጫዋቹ ቀርከሃውን በጣቱ ጨመቅ ለቀቅ ባደረገ ቊጥር የክሩ ድምፅ ይወርዳል፥ ይወጣል። ካማክ የምትባለውም ከብብት ሥር ተይዛ ክሯ በሌላው እጅ እየተሳበ የምትጮህ መሣሪያ ናት። ከአራትና ከአምስት ክር የሚሠራው ዶታራም ይኸንኑ ያጅባል። ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የማይናወጥ አንድ መነሻ ድምፅ ጸንቶ ይኖራል፤ ዜማው ከእርሱ ይወጣል፥ በላዩ ይዞራል፥ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይፈልጋል፥ ይማጠናል፤ መሠረቱ ግን ፈቀቅ አይልም። የምዕራባውያን የባላገር ዘፈን ግን በጊታር መታጀብ ከጀመረ ወዲህ በኮርድ ላይ ይሄዳል፤ አብረው የሚመቱት ድምፆች፥ ማለት ኮርዱ፥ በተለወጠ ጊዜ የዜማው መሬት ራሱ ከሥሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከቤት ወጥቶ ርቆ ተጉዞ ወደ ቤት የመመለስን ታሪክ የሚነግረው በዚህ መንቀሳቀስ ነው። የጊታሩም ክሮች በአንገቱ ላይ በተተከሉት ብረቶች ስለሚወሰኑ፥ ቤንጋላዊው ጉሮሮ በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚያገኘውን ረቂቅ ድምፅ በቀላሉ አይሰጡም።

እንግዲህ ጊታር ከኤክታራ ጋራ በተቀመጠ ጊዜ የሚገናኙት ሁለት የእንጨት ዕቃዎች ብቻ አይደሉም፤ ሁለት የዘመንና የዘለዓለም አሳብ ነው የሚገናኘው። አንደኛው የማይለወጠውን በሥሩ አድርጎ ነፍስ በዙሪያው እንድትንከራተት ያደርጋታል፤ ሁለተኛው ነፍስን ከነመሬቷ ይዟት ይሄዳል። ጊታረኛው በባውሉ ዜማ ሥር ኮርድ እየለዋወጠ ቢመታ፥ ዜማው ለጆሮ ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ጸንቶ የሚኖረው ነገር ከሥሩ ስለ ተወሰደበት፥ ባውሉ የሚፈልገውን የሚፈልግበት ስፍራ ጠፍቷል ማለት ነው። ስለ ሥጋዌ የሚናገሩ መምህሮቻችን ያለ ቱሳሔ፥ ያለ ቡዓዴ የተደረገ ተዋሕዶ ብለው ያስተማሩትን ቃል ለዘፈን ማዋል ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አንዱ አንዱን ሳይውጠው ይዋሐዱ ዘንድ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ከዚያ ትምህርት ያልተማረ ሰው፥ ድብልቅን ሁሉ አንድነት ብሎ ሊጠራው ይችላል። ጥሩ ጊታረኛ የሆነ እንደ ሆነ ዝም ማለትን ያውቃል፤ ሁለት ክር ብቻ ይዞ ከመነሻው ድምፅ ጋራ ይቆማል፥ ወይም ባውሉ ትንፋሹን በሚስብበት ክፍት ስፍራ ብቻ ይመልሳል።

መሻገሩ በአንድ ወገን ብቻ የተደረገ አይደለም። ከቢግ ፒንክ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት በፊት፥ በ1878 ዓ.ም.፥ ራቢንድራናት ታጎር የሚባል የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ከካልካታ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ነበር። በዚያ ሕግ እንዲማር ነበር የተላከው፤ ይዞ የተመለሰው ግን የሕግ ማዕርግ ሳይሆን የአየርላንድና የስኮትላንድ ዜማ ነው። በ1881 በቤታቸው መድረክ ያሳየው «ቫልሚኪ ፕራቲባ» የተባለው የዜማ ድራማ፥ ወንበዴው ቫልሚኪ ርኅራኄ ልቡን ነክቶት ባለቅኔ የሚሆንበትን የጥንት ታሪክ ሲተርክ፥ ከሕንድ ዜማዎች ጋራ ከአየርላንድ ያመጣቸውንም አሰልፏል። የስኮትላንድ ሰዎች ዓመት ሲለወጥ ተያይዘው የሚዘፍኑት «ኦልድ ላንግ ሳይን» ዜማም በእርሱ ቃል ለብሶ የቀድሞ ዘመን ወዳጅነትን የሚያስታውስ የቤንጋል ዘፈን ሆነ፤ ዛሬ ቤንጋላዊ ሕፃን ከእናቱ አፍ ሲማረው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ደግሞም የዘፈኑ ባለቅኔ የሚባለው ስኮትላንዳዊው ሮበርት በርንስ ራሱ ይህን ዘፈን አንድ ሽማግሌ ሲዘፍን ሰምቶ እንደ ጻፈው ተናግሯል። ሰጪው ሁሉ አስቀድሞ ተቀባይ ነበር።

በዚህ ስፍራ ላይ የእኛን አገር ጆሮ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የዚያ የስኮትላንድ ዜማ ድምፆች አምስት ናቸው፤ እነዚያው አምስቱ ሕንዶች ቡፓሊ በሚሉት የዜማ ስልት (ራጋ) ውስጥ ይገኛሉ፤ እነዚያው አምስቱ ደግሞ የእኛ ሙሉ ትዝታ ቅኝት ናቸው። ማሲንቆ መቺውም፥ የስኮትላንዱ ባላገርም፥ የቤንጋሉ ዘማሪም በአንድ መሰላል ወጥተው ያለፈውን ዘመን ይናፍቃሉ። ከዚህ ተነሥቶ ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው፥ ሰዎችም ሁሉ አንድ ነገር ያመልካሉ ብሎ የሚደመድም ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ይህ መደምደሚያ ከማስረጃው በላይ የሰፋ ነው እላለሁ። አምስቱ ድምፆች የሚመሰክሩት ፈጣሪ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ጆሮ መስጠቱን ነው፤ በዚያ ጆሮ የተሰማው ቃል አንድ መሆኑን አይመሰክሩም። ቡፓሊ የሚዜመው ድምፆቹ በምን ሥርዓት እንደሚወጡና እንደሚወርዱ፥ በየትኛውም ላይ ማረፍ እንደሚገባ በሚያዝ ሕግ ነው፤ ትዝታም የራሱ አወራረድ አለው፤ መሰላሉ አንድ ሲሆን አወጣጡ ሦስት ነው።

ወዲህ ደግሞ ተቃራኒውን ፍርድ የሚፈርዱ አሉ፤ እነርሱም ቅዱስ ዜማ ከወገኑ አፍ መውጣት የለበትም፥ ባዕድ የነካው እንደ ሆነ ይረክሳል የሚሉት ናቸው። ለነዚህ የምመልሰው በራሱ በባውል ታሪክ ነው። የሂንዱውንና የእስላሙን መዝሙር ደባልቆ የተወለደ ወገን በንጽሕና ስም ሊዘጋ አይችልም፤ ላሎን ከየት እንደ መጣ ለመናገር እንቢ ያለውም ይህን አጥር ለማፍረስ ነበር። ከዚህም በላይ፥ ናፍቆት የአንድ ቋንቋ ርስት አይደለም። በቤንጋልኛ አንድ ቃል የማያውቅ ሰው ባውል ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲማጠን ቢሰማ፥ ይህ ሰው ያጣው ነገር እንዳለ፥ ያጣውንም ከወርቅና ከብር አስበልጦ እንደሚፈልገው ያለ አስተርጓሚ ያስተውላል። ይህ የሚሻገረው ክፍል ነው፤ ከሙዚቃ በቀር ምንም ነገር እንዲህ ፈጥኖ ሊያሻግረው አይችልም።

የማይሻገረው ሥርዓቱ ነው። የመምህሩ ትእዛዝ፥ የትንፋሹ ልምምድ፥ ምጽዋት ለምኖ መብላቱ፥ ክብርን መጣሉ፥ የደቀ መዝሙርነቱ ዓመታት በሸክላ ላይ አይቀረጹም። ስለዚህ ዜማውን የተቀበለ ባዕድ ናፍቆቱን ተቀበለ እንጂ የናፍቆቱን ዋጋ አልከፈለም፤ ተበዳሪ ሆነ ማለት ነው። ተበዳሪ ደግሞ ሌባ አይደለም፤ የሚሆነው ዕዳውን የካደ ጊዜ ነው። ብዙ የሃይማኖት ጠብና ብዙ የጥበብ ጠብ የሚነሣው ሰዎች መበደርን ከስርቆት ወይም ከስጦታ ጋራ ስለሚያሳስቱት ይመስለኛል፤ አንዱ ዘረፉን ብሎ ይጮኻል፥ አንዱ የሁላችን ነው ብሎ ይወስዳል፤ በመካከሉ መምህሩ ስሙን የሚጠራለት ያጣል።

ዕዳውን የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ከቤንጋል ከራሷ የወጣውን የአላውዲን ካንን ቤት መመልከት ይበቃል። ይህ የዜማ መምህር በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚሰግድ እስላም ሲሆን፥ በማይሃር ከተማ ሲኖር ሻራዳ የተባለችውን የሂንዱዎች የጥበብ አምላክ መቅደስ ያከብር ነበር፤ ሴት ልጁም አናፑርና በሚል የሂንዱ ስም ትጠራ ነበር። ከቤንጋል ብራህማን ቤተሰብ የተወለደው ሲታር መቺው ራቪ ሻንካር በ1938 ወደ እርሱ ሄዶ ከአውሮፓ የጭፈራ መድረክ የለመደውን ድሎት ትቶ ሰባት ዓመት ያህል በደቀ መዝሙርነት ተቀመጠ። ያ ሰው በ1967 በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ አሜሪካዊው ጊታረኛ ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን በመድረክ ላይ በእሳት ሲያቃጥል አይቶ እጅግ ማዘኑን ኋላ ተናግሯል። ይህን ኀዘን እንደ ሽማግሌ ቁጣ አድርገው የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ከፍ ያለ ነገር አይበታለሁ። ሲታሩን ጫማውን አውልቆ ለሚቀርብ ሰው፥ መሣሪያ የመምህሩ እጅ የነካው፥ የመምህሩም መምህር የባረከው ንዋይ ነው፤ ያን ማቃጠል ዕዳን መካድ ነው።

ኦገስት 1 ቀን 1971 ደግሞ በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፥ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ጆርጅ ሃሪሰን በራቪ ሻንካር ልመና ከጦርነት ለሸሹ የቤንጋል ስደተኞች ባዘጋጀው ጉባኤ፥ ሻንካር በሲታር፥ የአላውዲን ልጅ አሊ አክባር ካን በሳሮድ፥ በቤንጋል ባላገር ዜማ ላይ የተመሠረተውን «ባንግላ ዱን» ከማሰማታቸው በፊት ክራቸውን ሲቃኙ፥ ሕዝቡ መቃኘቱን ዜማ መስሎት አጨበጨበ፤ ሻንካርም በትሕትና አመስግኖ፥ ይህን ያህል ከወደዳችሁት ጨዋታውን ደግሞ አብልጣችሁ ትወዱታላችሁ ብሎ ተስፋውን ገለጠላቸው። ብዙ ሰው ይህን የሚያነሣው የሕዝቡን አላዋቂነት ለማሳየት ነው። ያን ዕለት በሁለት ጊዜ ጉባኤ የተሰበሰበው አርባ ሺህ ያህል ሰው ግን ለማያውቀው ሕዝብ መከራ ገንዘቡን ሰጥቶ ነበርና፥ ከበሩ የተገኘው 243 ሺህ ዶላር የሚያህል ገንዘብም ለሕፃናት መርጃ ለዩኒሴፍ ተሰጥቷልና፥ አላዋቂነቱ የጀማሪ ደቀ መዝሙር አላዋቂነት እንጂ የትዕቢተኛ አልነበረም። ከሃሪሰን በኋላ ዲላንም በዚያ መድረክ ወጥቶ የባላገር ዘፈኖቹን ዘፈነ። በዚያ ዕለት ማንም ሁለቱን ዜማ በአንድ ላይ ለማቅለጥ አልሞከረም፤ አንዱ ለአንዱ ስፍራ ለቀቀ፤ ይህ በእኔ አስተያየት ከብዙ ቅልቅል የበለጠ አብሮ መሥራት ነው።

ወደ ታጎር ልመለስ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘችበት ዘመን፥ በ1937፥ «አፍሪካ» የሚል ግጥም ጽፎ የክፍለ ዓለማችንን መገፋት የተናገረ ሰው ነውና፥ እኛም የምናመሰግንበት ምክንያት አለን። ይህ ሰው በሺላይዳሃ የቤተ ሰቡን ርስት ሲያስተዳድር የባውሎችን መዝሙር ሰማ፤ ጋጋን ሃርካራ የሚባለውን የመንደር ፖስተኛም በዚያ አወቀ። ጋጋን ደብዳቤ እያመላለሰ፥ የልቡን ሰው ወዴት እንደሚያገኘው የሚጠይቅ መዝሙር ይዘምር ነበር። በ1905 እንግሊዞች ቤንጋልን ለሁለት በከፈሏት ጊዜ ታጎር በዚያው ዜማ ላይ ስለ አገሩ ፍቅር አዲስ ቃል ደረሰ፤ ባንግላዴሽም ነጻ አገር በሆነች ጊዜ የዚያን ግጥም መጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙሯ አደረገችው። ታጎር ዕዳውን አልካደም፤ በእንግሊዝኛ በጻፈው ድርሰት የጋጋንን ስም ጠርቶ ፖስተኛ መሆኑን ተናገረ፤ የላሎንን መዝሙሮች በ1915 በካልካታ በሚታተመው «ፕራባሺ» መጽሔት አሳተመ፤ በ1930 በኦክስፎርድ ስለ ሰው ሃይማኖት ባስተማረው ትምህርትም ያልተማሩትን የመንደር ባውሎች ከሊቃውንቱ ፊት በምስክርነት አቆማቸው።

ለአምላክ ፍለጋ የተወለደ ዜማ የመንግሥት መዝሙር ሆኖ በሰንደቅ ዓላማ ሥር በመዘመሩ ከማዕርጉ ወርዷል የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ በ1971 መንደራቸው ተቃጥሎባቸው ወደ ሕንድ ከተሰደዱት ዐሥር ሚሊዮን ከሚያህሉት ሰዎች አንዱ በድንኳን ውስጥ ሆኖ ያን ዜማ ሲዘምር፥ ያጣውን የሚወደውን ወዴት እንደሚያገኘው ይጠይቅ የነበረው እንደ ጋጋን ነው፤ ቃሉ ስለ አገር ቢሆንም ጥያቄው አልተለወጠም። በሰላም ዘመን ተማሪ በሰልፍ ቆሞ አሳቡ ሌላ ስፍራ ሆኖ ቢዘምረው፥ ያን ጊዜ ናፍቆቱ አልተሻገረም፤ ይህ ግን በቼዑሪያ በላሎን መቃብር አጠገብ ተቀምጦ አሳቡ ሌላ ስፍራ ለሆነውም ባውል እንዲሁ ነው።